የራውተሩ ገጽ አልከፈት ካላችሁ መጀመሪያ የጻፋችሁትን አድራሻ መርምሩ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈራችን እናት ራውተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው እዚህ ድሬዳዋ ከሳቢያን እስከ ከዚራ በባጃጅ ይዘውልኝ መጡ። «አቦ እየው እስቲ፣ ሞቷል» አሉኝ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡት። ሰካሁት። መብራቶቹ ተራ በተራ በሩ፤ የዋይፋዩም ስም ስልኬ ላይ ወጣ። «ማን ነው ሞቷል ያለዎት?» ስላቸው የልጅ ልጃቸው የላከላቸውን የስክሪን ፎቶ አሳዩኝ። በሁለት ጣቴ አጎላሁት። 192.168 ይላል፤ ከዚያ ነጥብ፣ ዘንግ፣ ነጥብ፣ ዘንግ። የመጀመሪያው 1 አናቱ ላይ ትንሽ ምንቃር አለችው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ምንቃር የላቸውም። ልጁ በ1 ፈንታ ትንሿን የእንግሊዝኛ ኤል ነበር የጻፈው። ራውተሩ በመጣበት ፌስታል ተመልሶ ባጃጅ ተሳፈረ።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለው ነገር ስለማያልቅ ነው። ሰው የዋይፋይ ፓስዎርድ ለመቀየር ወይም ሳይፈቀድለት የሚጠቀመውን ጎረቤት ለማስወጣት ወደ ራውተሩ ገጽ፣ ማለትም በቁጥር አድራሻ ወደሚከፈተው ማስተካከያው፣ መግባት ይፈልጋል፤ በሩ ላይ ይቀራል። ከዚያ «ተበላሽቷል» ይላል። ደረጃዎቹን በተራ ሂዱ። ወደ ታች ዘላችሁ አትጀምሩ፤ ብዙ ሰው ደረጃ 4 ላይ የሚወድቀው ደረጃ 1ን ስለዘለለ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሪሴት አትንኩ። ራውተሩ ጀርባ ላይ በመርፌ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ አለች። አድራሻ በትክክል ስላልተጻፈ እሷን መጫን ቁልፍ ስለጠፋ ቤቱን እንደማፍረስ ነው። ሪሴት ሲደረግ ራውተሩ ውስጥ የተቀመጠው የኢንተርኔት መስመራችሁ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ገጹ ይከፈታል፤ ኢንተርኔቱ ግን የለም፤ የመስመር ሰጪውን ድርጅት እስክታገኙ ትቀመጣላችሁ።

ከራሳችሁ ዋይፋይ ጋር ተገናኙ። የራውተሩ ገጽ ኢንተርኔት ላይ ያለ ድረ ገጽ አይደለም፤ ሳሎናችሁ ውስጥ ያለው ሳጥን ራሱ ነው የሚያሳያችሁ። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ይከፈታል። ከቤት ወጥታችሁ ግን ካፌ ተቀምጣችሁ አይከፈትም። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁም ውጡና ዋናው ላይ ግቡ፤ የእንግዳው ብዙ ጊዜ ወደ ራውተሩ ገጽ አያስገባም።

በስልክ ከሆነ ሞባይል ዳታ አጥፉ። ዋይፋዩ ኢንተርኔት ከሌለው ስልኩ ሳይነግራችሁ በሲሙ በኩል ሊሄድ ይችላል። «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም፣ ይቀጥል?» የሚል ነገር ካመጣ ይቀጥል በሉት። ቪፒኤን (መስመራችሁን በሌላ ቦታ አዙሮ የሚወስድ አፕ) ካለም አጥፉት። ይህቺን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ቪፒኤኑን ከከፈተው ወር ሆኖታል፣ መኖሩንም ረስቶታል።

አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡ። የምር ነው።

ደረጃ 1፦ አድራሻውን ከራሳችሁ መሣሪያ ጠይቁ

አትገምቱ። ጓደኛ የነገራችሁንም አትመኑ፤ የእሱ ራውተር ሌላ ነው። ስልካችሁ ወይም ላፕቶፓችሁ ከራውተሩ ጋር እየተነጋገረ ስለሆነ አድራሻውን ያውቀዋል። እሱኑ ጠይቁት።

በአንድሮይድ ስልክ፦ ሴቲንግ ክፈቱ፤ ዋይፋይ ውስጥ ግቡ፤ የተገናኛችሁበትን ስም ወይም ከጎኑ ያለችውን ጥርስ ያላት ጎማ የምትመስል ምልክት ንኩ። ወደ ታች ውረዱ። ጌትዌይ ወይም ራውተር የሚል መስመር ፈልጉ፤ ሁለቱም የራውተሩ አድራሻ ማለት ናቸው። አንዳንዱ ስልክ «ተጨማሪ» ወይም «አድቫንስድ» ከሚለው ስር ነው የሚደብቀው።

በአይፎን፦ ሴቲንግ፣ ዋይፋይ፣ ከዚያ ከተገናኛችሁበት ስም ጎን ያለችውን ክብ ውስጥ የተጻፈች አይ ንኩ። ራውተር ከሚለው ፊት ያለው ነው።

በዊንዶውስ፦ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዛችሁ አር ፊደልን ተጫኑ። በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብላችሁ ሦስቱን ፊደሎች ጻፉና ኢንተር በሉ። ጥቁር መስኮት ይመጣል። እዚያ ላይ አይ፣ ፒ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ አይ፣ ጂ ፊደሎቹን ያለ ክፍት ቦታ አያይዛችሁ ጻፉ፤ ኢንተር። ብዙ ጽሑፍ ይወርዳል። አትደንግጡ። ዋይፋይ የሚለውን ርዕስ ፈልጉና ከሱ ስር የመጨረሻዋን መስመር፣ ዲፎልት ጌትዌይ የምትለውን አንብቡ።

በማክ ኮምፒውተር፦ ሲስተም ሴቲንግ፣ ዋይፋይ፣ ከተገናኛችሁበት ስም ጎን ዲቴልስ፣ ከዚያ ቲሲፒ አይፒ። ራውተር የሚለውን ውሰዱ።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው የራስን አድራሻ መውሰድ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «አይፒ አድራሻ» የሚለው የስልካችሁ የራሱ ነው፤ 192.168.1.105 የመሰለ ነገር ይሆናል። እሱን ብሮውዘር (እንደ ክሮም ያለ ድረ ገጽ መክፈቻ) ላይ ብትጽፉ የገዛ ቤታችሁን በር ከውስጥ እንደማንኳኳት ነው። ጌትዌይ የሚለውን ነው የምንፈልገው።

ሁለተኛው ዊንዶውስ ላይ ይገጥማል። ከዲፎልት ጌትዌይ ፊት አንዳንዴ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም ነገር ይወጣል፤ በኤፍ እና ኢ ፊደሎች ጀምሮ 80 ይላል፣ ሁለት ነጥቦችም አሉበት። እሱን ተዉት። ከሱ በታች ባለችው መስመር ላይ አራት ቁጥሮች ያሉት አድራሻ አለ፤ እሱን ውሰዱ።

ሦስተኛው፣ ጌትዌዩ ባዶ ሆኖ የራሳችሁ አድራሻ 169.254 ብሎ ከጀመረ፣ ራውተሩ ለመሣሪያችሁ አድራሻ አልሰጠውም ማለት ነው። ምንም ብትጽፉ አይከፈትም። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ካልሆነ ራውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁና መልሱ። ከዚያ ደረጃ 1ን እንደገና።

ስቲከሩስ? ከራውተሩ ሆድ ላይ ያለው ስቲከር ጥሩ ነው፤ ግን ሁለተኛ ምርጫ ነው። የኛ አገር ሙቀትና አቧራ ጽሑፉን ያደበዝዘዋል፤ 8ቱ 3 ይመስላል፣ 0ው 6። አድራሻውም በሌላ ሰው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ስቲከሩ የሚነግራችሁ ፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። ስቲከሩ ላይ ማክ የሚል ረጅም የፊደልና የቁጥር ተርታም አለ፤ እሱን ብሮውዘር ላይ የሚጽፍ ሰው አይቻለሁ። እሱ ለዚህ አይሆንም።

ለማነጻጸሪያ ያህል፦ ቲፒ ሊንክ፣ ዲ ሊንክና ቴንዳ ብዙ ጊዜ 192.168.0.1 ወይም 192.168.1.1 ናቸው። ዜድቲኢ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ብዙ የሁዋዌ የፋይበር ሳጥኖች 192.168.100.1 ሲሆኑ፣ በሲም የሚሠሩት የሁዋዌ የኪስ ዋይፋዮች ብዙ ጊዜ 192.168.8.1 ናቸው። ስልካችሁ የነገራችሁ ከዚህ ከተለየ ስልኩን እመኑ።

ደረጃ 2፦ ወረቀት ላይ ጻፉትና መርምሩት

ያገኛችሁትን አድራሻ በወረቀት ላይ ጉልህ አድርጋችሁ ጻፉ። ከዚያ ቁጠሩ። ቁጥሮቹ አራት፣ ነጥቦቹ ሦስት መሆን አለባቸው። ፊደል የለም፣ ክፍት ቦታ የለም። እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ነው፤ 256 ወይም 1681 የሚል ነገር ካያችሁ አንዲት ነጥብ ወድቃለች።

ሁለተኛው ምርመራ የአጀማመሩ ነው። የቤት ራውተር አድራሻ የሚጀምረው በ192.168 ነው፣ ወይም በ10 ነው፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው ነው። እነዚህ ለግል ኔትወርክ ብቻ የተተዉ ናቸው። ወረቀታችሁ ላይ ያለው 198.168 ወይም 192.186 ከሆነ ተሳስታችኋል። እነዚህ እናንተ ቤት ውስጥ የሉም፤ ውጭ፣ ኢንተርኔት ላይ ያሉ የሌላ ሰው አድራሻዎች ናቸው።

ስለ 186 ካነሳሁ አይቀር፤ ይህ ስህተት ከጣት ይልቅ ከጆሮ ነው የሚመጣው። ሐረር ያለ ዘመዴን በስልክ ሳግዘው «መቶ ስልሳ ስምንት» አልኩት። እሱ «መቶ ሰማንያ ስድስት» ጻፈ። መስመሩ ሲቆራረጥ ሁለቱ አንድ ናቸው። ግማሽ ሰዓት አባከንን። ከዚያ ወዲህ ለማንም አድራሻ በስልክ ስናገር አንድ በአንድ ነው፦ አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ ነጥብ፤ አንድ፣ ስድስት፣ ስምንት፣ ነጥብ። ከዚያም መልሶ እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ደረጃ 3፦ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ

እኛ ጋ አንድ ስልክ ላይ ሦስት አራት ኪቦርድ መኖሩ ተራ ነገር ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አረብኛ። አድራሻ ስትጽፉ ግን እንግሊዝኛው ይሁን።

የአማርኛ ኪቦርድ ከተከፈተ ነጥብ ስትነኩ አራት ነጥብ (።) ሊገባ ይችላል። በትንሽ ስክሪን ላይ በደንብ አይለይም። አንዳንዱ ኪቦርድ ደግሞ በ1 ፈንታ ፩ ይሰጣል። የአረብኛውም የራሱን አሃዝ ሊሰጣችሁ ይችላል።

የቴሌግራም ጣጣም አለ። ሰው «አድራሻው 192.168.1.1 ነው» ብሎ ቢጽፍላችሁ ደህና። «ግባበት፦ 192.168.1.1።» ብሎ ከጻፈ ግን ኮፒ ስታደርጉ ያቺ አራት ነጥብ ጭራ ሆና አብራ ትመጣለች። ስለዚህ ኮፒ አታድርጉ፤ ከወረቀታችሁ እያያችሁ በእጃችሁ ጻፉ። ስምንት አሃዝ ነው፣ ቢበዛ አስር፤ ጣት አያደክምም።

አሁን ስለ ሦስቱ ሌቦች፦

1. ትንሿ ኤል እና ትልቁ አይ 1ን ይመስላሉ።
2. ኦ ፊደል 0ን ትመስላለች። 192.168.0.1 ላይ በብዛት የምትገባው እሷ ናት።
3. ኮማ ነጥብን ትመስላለች፤ ኪቦርዱ ላይም ጎረቤት ናቸው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በስልክ ከሆነ የቁጥር ገጹን ክፈቱና አድራሻውን ጽፋችሁ እስክትጨርሱ ወደ ፊደል ገጹ አትመለሱ። በኮምፒውተር ከሆነ ከፊደሎቹ በላይ ያለችውን የቁጥር ተርታ ተጠቀሙ። በስተቀኝ ያለችውን የቁጥር ሰሌዳ ከመረጣችሁ ነም ሎክ መብራቱን እዩ፤ ካልበራ ቁጥር አይጽፍም።

ደረጃ 4፦ ትክክለኛው ሳጥን ውስጥ ጻፉ

የጎግል መፈለጊያ ሳጥን አለ፣ የብሮውዘሩ አድራሻ መስመር አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የምትጽፉት በአድራሻ መስመሩ ላይ ነው፤ በኮምፒውተር ከላይ ነው ያለው፤ በስልክም አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። ገጹ መሃል ላይ ያለው ትልቁ ሳጥን አይደለም።

1. መስመሩን ነክታችሁ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፉ። ግማሹን አትተዉ።
2. መጀመሪያ ኤች፣ ቲ፣ ቲ፣ ፒ ብላችሁ ጻፉ፤ ቀጥላችሁ ያለ ክፍት ቦታ :// ጨምሩ። ይህ ብሮውዘሩን «ፈልግ» ሳይሆን «ሂድ» ይለዋል። ከፒ በኋላ ኤስ አትጨምሩ። ሦስቱን ደብልዩዎች አትጻፉ።
3. አድራሻውን ከወረቀቱ ላይ እያያችሁ ጻፉ። ከመጨረሻው ቁጥር በኋላ ነጥብም ክፍት ቦታም የለም።
4. ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት እጃችሁን አንሱና ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት። ቁጥር በቁጥር።
5. አሁን ተጫኑ።

አራተኛዋ ላይ አንድ የተደበቀ ችግር አለ። ትናንት የተሳሳተ አድራሻ ጽፋችሁ ከነበረ ብሮውዘሩ አስታውሶታል። ገና 192.1 ስትሉ ቀሪውን ራሱ ይሞላላችኋል፤ እናንተ ያልጻፋችሁትን ስህተት። ጣታችሁ ትክክል ነው፤ ብሮውዘሩ ነው የሚያሳስታችሁ። በኮምፒውተር ክሮም ላይ ወደ ታች በሚያመለክተው ቀስት ያንን የተሳሳተ ጥቆማ ምረጡና ሺፍት ይዛችሁ ዲሊት ተጫኑ። በስልክ ጥቆማውን ተጭናችሁ ስትቆዩ «ይጥፋ?» ይላችኋል። አጥፉት።

ደረጃ 5፦ ካልተከፈተ የመጣውን መልእክት አንብቡ

ሰው ቀይ ወይም ግራጫ ገጽ ሲያይ መዝጋት ይወዳል። አትዝጉ። መልእክቱ የት እንደሳታችሁ ይናገራል።

የፍለጋ ውጤት ከመጣ። ብሮውዘሩ የጻፋችሁትን አድራሻ ነው ብሎ አላመነም። ወይ ፊደል ገብቷል፣ ወይ ኮማ፣ ወይ አራት ነጥብ፣ ወይ አምስት ቁጥር ጽፋችኋል። 192.168.1.0.1 በጣም የተለመደች ናት፤ 192.168.1.1 እና 192.168.0.1 ተጋብተው የወለዷት። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ከውጤቶቹ መሃል «የራውተር መግቢያ» የሚሉ ገጾች ይኖራሉ፤ አንዳቸውም የእናንተ ራውተር አይደሉም። የይለፍ ቃላችሁን እዚያ ላይ በፍጹም አትጻፉ።

አድራሻው አልተገኘም፣ ስሙን ማወቅ አልተቻለም የሚል ከሆነ፣ በተለይ መጨረሻ ላይ ኤንኤክስዶሜን የሚል ካለበት፣ ፊደል ነው የገባው። ብሮውዘሩ እንደ ድረ ገጽ ስም ቆጥሮት ሲፈልግ ኖሯል። ኤሏን ፈልጉ።

ረጅም ጊዜ ከዞረ በኋላ መልስ ለመስጠት ዘገየ ካለ፣ ታይምድ አውት የሚለው፣ አጻጻፉ ትክክል ነው፤ ግን እዚያ አድራሻ ላይ የሚመልስ ሰው የለም። 0ን በ1 ለውጣችሁ ሊሆን ይችላል፣ ወይም 168ን በ186። ወይም ከሌላ ዋይፋይ ጋር ናችሁ። ወይም ቪፒኤኑ እንደገና በርቷል። ደረጃ 1ን ድገሙ፤ ጌትዌዩን አሁን እንደገና አንብቡ።

ወዲያው ግንኙነቱን አልቀበልም ካለ፣ እዚያ አድራሻ ላይ መሣሪያ አለ፤ ግን እንዲህ ያለ ገጽ አያሳይም። የራሳችሁን ስልክ አድራሻ ጽፋችሁ ይሆናል። ወይም ኤስ ጨምራችሁበት ይሆናል፤ አውጡትና ሞክሩ።

ግንኙነትዎ የግል አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ ራውተሩ ራሱ በሠራው ሰርተፍኬት (የድረ ገጽ መታወቂያ) ነው የሚያናግራችሁ። አድራሻው ከጌትዌዩ ጋር አንድ መሆኑን ካረጋገጣችሁና በቤታችሁ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ «አድቫንስድ» ብላችሁ ቀጥሉ። ሌላ ድረ ገጽ ላይ እንዲህ አታድርጉ።

የማይጠበቅ ገጽ ከተከፈተ። ለምሳሌ የፕሪንተር ወይም የካሜራ። ይህ ብዙም አይገጥምም፤ ሲገጥም ግን ሰውን ግራ ያጋባል። አንዲት ነጥብ ብትዘሉና 192.168.11 ብትጽፉ ብሮውዘሩ ስህተት ነው አይላችሁም። የመጨረሻዋን ቁጥር ለሁለት ዘርዝሮ 192.168.0.11 ብሎ ይረዳዋል። ከፊት 0 መጨመርም አደጋ አለው፦ 192.168.010.1 ብትጽፉ በ0 የሚጀምረውን በአስር ሳይሆን በስምንት ቤት ቆጥሮ (010 ለእሱ 8 ነው) 192.168.8.1 ያደርገዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ለማሳመር ብላችሁ 0 አትደርድሩ። ሌላ ቦታ እንደወሰዳችሁ ለማወቅ ገጹ ከተከፈተ በኋላ አድራሻ መስመሩን እንደገና እዩ፤ የጻፋችሁት ተለውጦ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 6፦ አድራሻው ልክ ሆኖም እምቢ ካለ

እዚህ የምትደርሱት አድራሻው ከጌትዌዩ ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ ካያችሁ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ራውተሩ ይመልስ እንደሆነ ሞክሩ። በዊንዶውሱ ጥቁር መስኮት ላይ ፒ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ ጻፉ፤ አንድ ክፍት ቦታ ተዉና አድራሻውን ጻፉ፤ ኢንተር። «ሪፕላይ ፍሮም» ብሎ አራት ጊዜ ከመለሰ ራውተሩ ይሰማል። ግን መስመሩን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሪፕላይ ፍሮም ካለ በኋላ የራሳችሁን አድራሻ ጠርቶ «አንሪቸብል» ካለ፣ መልሱ ከራሳችሁ ኮምፒውተር ነው፤ ራውተሩን አላገኘውም ማለት ነው።

ራውተሩ እየመለሰ ገጹ ካልከፈተ ሌላ ብሮውዘር ወይም ሌላ ስልክ ሞክሩ። ካልሆነ ሙቀቱን እዩ። የምር ነው የምላችሁ። የድሬ ከሰዓት ላይ ራውተሩ ቲቪ ላይ ተቀምጦ፣ ከላዩ ዳንቴል ለብሶ፣ እጅ ሲያስነኩት የሚፋጅበት ቤት ገብቻለሁ። እንዲህ ሲሆን ዋይፋዩ በጭንቅ ይሠራል፣ ገጹ ግን ይንቀራፈፋል ወይም ይደርቃል። ዳንቴሉን አንሱ፣ ንቀሉት፣ አሥር ደቂቃ ይቀዝቅዝ፣ መልሱት። ሁሉም መብራት እስኪረጋጋ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁና ሞክሩ።

ላፕቶፑ የቢሮ ከሆነ ደግሞ ሰው በእጅ አድራሻ ሞልቶበት ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ይህ ነው፦ በስልክ የምታዩት ጌትዌይ ሌላ፣ በላፕቶፑ የምታዩት ሌላ። ያኔ በዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ የአይፒ አሰጣጡን ፈልጋችሁ ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ከመመለሳችሁ በፊት የነበሩትን ቁጥሮች በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ነገ ቢሮ ሲመለስ ይፈለጋሉ። ቸኩላችሁ ከሆነ ላፕቶፑን ተዉት፣ በስልኩ ግቡ።

የመጨረሻው ጉዳይ ሁለት ራውተር ያለበት ቤት ነው። መስመሩ ከሚገባበት ሳጥን ሌላ፣ ዋይፋዩ ጓዳ እንዲደርስ ተብሎ የተገዛ ሁለተኛ። ስልካችሁ የሚነግራችሁ ጌትዌይ ብዙውን ጊዜ የቅርቡን ነው። የገባችሁበት ገጽ ላይ ያለው የዋይፋይ ስም ልትቀይሩት ያሰባችሁት ካልሆነ ሁለተኛው ራውተር ውስጥ ናችሁ። የሌላኛውን ዋይፋይ ስም መርጣችሁ ተገናኙና ከደረጃ 1 ጀምሩ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ስም ካላቸው በኔትወርክ ኬብል ላፕቶፑን በቀጥታ ከፈለጋችሁት ሳጥን ጋር አያይዙ፤ ኬብሉ ላን ወይም ከ1 እስከ 4 ቁጥር ካለባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ውስጥ ይግባ። ቀለሟ የተለየች፣ ዋን የምትባለው ቀዳዳ ውስጥ ከገባ አይሠራም።

ደረጃ 7፦ ገጹ ሲከፈት

የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። ይህ የዋይፋዩ ፓስዎርድ አይደለም። ስቲከሩ ላይ ለብቻው ተጽፏል፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፤ የኤልና የ1 ጣጣም እዚህ ይደገማል። ፓስዎርዱን የሚያሳየውን የዓይን ምልክት ንኩና እያያችሁ ጻፉ። ሦስት አራት ጊዜ ከተሳሳታችሁ አንዳንዱ ራውተር ለጥቂት ደቂቃ ይቆልፍባችኋል። ሲቆልፍ ጠብቁ፤ ደጋግማችሁ አትሞክሩ።

ከገባችሁ በኋላ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ዋን ወይም ኢንተርኔት የሚለውን ክፍል ክፈቱና ገጹን ፎቶ አንሱ። አንድ ቀን ሰው ሪሴት ቢጫንባችሁ የተጠቃሚ ስሙንና የተሞላውን የምታገኙት ከዚያ ፎቶ ነው። ፎቶውን ለማንም አትላኩ።

ቀጥሎ አድራሻውን ብሮውዘሩ ላይ በኮከቧ ምልክት አስቀምጡት። ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁትን ወረቀት ደግሞ በፕላስተር ራውተሩ ጎን ላይ ለጥፉት፤ 1ዷን ምንቃር አውጡላት። የይለፍ ቃሉን ግን አብራችሁ አትለጥፉ፤ ዋይፋይ ፍለጋ የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው።